ኔትወርክ ሲጠፋ ደሴን፣ ኮምቦልቻንና ኩታበርን በእጅ ሬዲዮ ማገናኘት ይቻላል? ምስጢሩስ ይጠበቃል?

ቧንቧ ውኃ (ደሴ፣ የውይይቱን ክር የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ስለሚረዝም ታገሡኝ።

እናቴ ኩታበር ናት። ወንድሜ ከነቤተሰቡ ኮምቦልቻ ይኖራል። እኔ ደሴ ቧንቧ ውኃ ነኝ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ስልኩ ሁሉ ጸጥ ባለ ጊዜ እናቴ በሕይወት መኖሯን የሰማሁት ከሳምንታት በኋላ፣ በእግሩ ከመጣ መንገደኛ አፍ ነበር። ያንን ወቅት እዚህ ያለን ሁሉ እናውቀዋለን፤ አልመለስበትም። ባለፈው ክረምት ግን ጦርነት ሳይኖር መብራት ሁለት ቀን ሄደ፤ ቀጥሎ ኔትወርኩ ጠፋ። የወንድሜ ሚስት ምጥ የያዛት በዚያው ሌሊት ነው። ወንድሜ መኪና ፍለጋ በጨለማ በር ሲያንኳኳ አደረ። እናትም ልጅም በሰላም ተርፈዋል፤ ተመስገን። እኔ ግን ከዚያ ሌሊት ወዲህ እንቅልፌ ልክ አይደለም።

ውጭ አገር ያለው የአክስቴ ልጅ ሦስት የእጅ ሬዲዮ ልላክላችሁ ይላል፤ አማተር ሬዲዮ የሚሉትን ዓይነት። ካርቶኑ ላይ ብዙ ኪሎ ሜትር እንደሚደርስና «የግል ኮድ» እንዳለው ተጽፏል። እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ፦ ከደሴ ኮምቦልቻና ኩታበር ይደርሳል? የቤተሰባችንን ንግግር ሌላ ሰው ይሰማዋል? ሕጉስ ምን ይላል?

የጦሳ ጥላ (ደሴ)

እህቴ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔ ልሞክረው፤ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪ ነኝ።

በካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ሰው ተራራ ጫፍ፣ ሌላው ሜዳ ላይ ቆመው ምንም ነገር ሳይጋርዳቸው የሚገኝ ነው። የእጅ ሬዲዮዎች የሚሠሩት በአብዛኛው ከ144 እስከ 146 እና ከ430 እስከ 440 ሜጋኸርዝ ባሉት የአማተር (ፈቃድ ያላቸው፣ ለንግድ ያልሆኑ ተጠቃሚዎች) ሞገዶች ነው። እነዚህ ሞገዶች የሚሄዱት ዓይን እንደሚያይ፣ ቀጥ ብለው ነው። የመሬቱን ክብነት ብቻ እንቁጠር ብንል፣ ሁለት ሰዎች ሬዲዮውን በአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ይዘው እንደ ቆቦ ባለ ሜዳ ላይ ቢቆሙ የሚገናኙት ቢበዛ እስከ 10 ኪሎ ሜትር ነው። ከሜዳው 400 ሜትር ከፍ ያለ ጉብታ ላይ የቆመ ሰው ግን ያንኑ ሬዲዮ ይዞ 80 ኪሎ ሜትር ማለፍ ይችላል። ከፍታ ከባትሪም ከዋትም ይበልጣል።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ደሴ ገበቴ ውስጥ ናት፤ በምዕራብ ጦሳ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል። ኮምቦልቻ ደግሞ ከእኛ በግምት 600 ሜትር ዝቅ ብላ ከዶሮ መዝለያ ማዶ ተኝታለች። ከቧንቧ ውኃ ሆነሽ የወንድምሽን ሬዲዮ በቀጥታ መያዝሽን እጠራጠራለሁ። ወደ ኩታበርም ተራራ ይጋርድሻል። ከተማ ውስጥ፣ በቤትና በቆርቆሮ መካከል፣ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ድምፁ መቆራረጥ ይጀምራል። ለሰፈር ግን ይበቃል።

መፍትሔ የለም ማለቴ አይደለም። ከአፋፉ ላይ፣ ሁለቱንም ወገን ከሚያይ ቦታ፣ አንድ ሰው ቆሞ ከወዲህ የሰማውን ወዲያ ቢያስተላልፍ መስመሩ ይሠራል። በመሣሪያ የሚደረገው «ሪፒተር» ይባላል፤ በአንድ ሞገድ ተቀብሎ በሌላ ሞገድ ወዲያውኑ ይደግማል። እሱ ግን ፈቃድ፣ የፀሐይ ኃይልና ጠባቂ ይፈልጋል።

አባ ሞገድ (ኮምቦልቻ)

ልጄ፣ በእርዳታ ሥራ ላይ ለረጅም ዓመታት የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበርኩ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። የምስጢሩን ጥያቄ ለእኔ ተይልኝ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

ስልክ ከአንድ ሰው ጆሮ ወደ ሌላ ሰው ጆሮ ነው። ሬዲዮ የቅሬ (የእድር) ጥሩምባ ነው። ጥሩምባ ነፊው «ዛሬ ለእነ እከሌ ቤት ብቻ ይሰማ» ብሎ ሊነፋ አይችልም፤ ከነፋ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል። በአንቺ ሞገድ ላይ ያለ፣ ወይም ሞገዶችን በሚያስስ መሣሪያ ያገኘሽ ማንኛውም ሰው ንግግርሽን ከ«ሰላም ነው ወይ» ጀምሮ ያዳምጣል።

ካርቶኑ ላይ «የግል ኮድ» የተባለው ደግሞ ስሙ ነው የሚያታልለው። ከንግግርሽ ሥር ከ67 እስከ 254 ኸርዝ አካባቢ የሆነ ዝቅተኛ ድምፅ አብሮ ይላካል። የወንድምሽ ሬዲዮ ያንን ድምፅ ሲያገኝ ድምፅ ማጉያውን ይከፍታል፤ ካላገኘ ዝም ይላል። እንግዲህ የሚደፈነው የእናንተው ጆሮ ነው፤ የሌላ ሰዎችን ጫጫታ እንዳትሰሙ። የሌላው ሰው ጆሮ እንደተከፈተ ነው። ይህንን ምስጢር መጠበቂያ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ኮድ ከሌለው ሰው የባሰ አደጋ ላይ ነው፤ ተደብቄያለሁ ብሎ ይናገራልና።

ንግግርን በእውነት የሚቆልፉ ዲጂታል ሬዲዮዎች አሉ። እነሱ የአማተር መንገድ አይደሉም። የዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ አንቀጽ 25 በተለያዩ አገሮች አማተሮች መካከል የሚደረግ ንግግር ትርጉሙን ለመሰወር ተብሎ በኮድ እንዳይሸፈን ይከለክላል፤ ብዙ አገሮችም በውስጥ ደንባቸው ይህንኑ ይከተላሉ። ያው አንቀጽ መንግሥታት አማተሮች ለአደጋ ጊዜ እንዲዘጋጁ እንዲፈቅዱላቸው ያበረታታል። ሁለቱን አብረሽ አንብቢያቸው፤ በግልጽ ተናገር፣ ለአደጋ ጊዜም ተዘጋጅ ነው የሚለው።

ከሚሴ መንገድ (ከሚሴ)

አባ ሞገድ ያሉት ትክክል ነው። ቢሆንም እኛ ወሎዬዎች ቋንቋ ሞልቶናል። ከሚሴ ላይ ኦሮምኛ፣ ሰቆጣ ላይ ኽምጣኛ፣ ሌላው ቢቀር የወፍ ቋንቋ አለ። ቤተሰቡ በዚያ ቢነጋገር ማን ያውቅበታል?

ወረኢሉ 07 (ወረኢሉ)

ወንድሜ፣ ይህንን ሐሳብ እባክህ ተወው። ለምን እንደምልህ ልንገርህ።

ታናሽ ወንድሜ አንድ ኬላ ላይ ሲፈተሽ ቦርሳው ውስጥ የልጆች መጫወቻ የሚያክል ሬዲዮ ተገኘበት። በግና ፍየል ሲያግድ ከጓደኛው ጋር የሚጠራራበት ነበር። ባትሪ እንኳ አልነበረውም። ሁለት ሌሊት ታስሮ አደረ። ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፦ «ከማን ጋር ነው የምትነጋገርበት?» እናታችን በእነዚያ ሁለት ቀናት ያረጀችው ዛሬም ፊቷ ላይ አለ። በዚህ ላይ በወፍ ቋንቋ ሲናገር ቢሰማ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? በሰላም አገር ጨዋታ የሚመስለው ነገር በጭንቅ ጊዜ የስለላ ማስረጃ ይሆናል።

እህቴ ቧንቧ ውኃ፣ ጭንቀትሽ ይገባኛል። ያለ ፈቃድ ግን ሬዲዮውን ወደ ቤትሽ አታስገቢ። እናትሽን ለማግኘት ብለሽ ወንድምሽን እንዳታጪ።

ከሚሴ መንገድ (ከሚሴ)

ወረኢሉ፣ አላህ እናታችሁን ይጠብቅ። በዚህ በኩል አላሰብኩትም ነበር። ሐሳቤን አንስቻለሁ።

የመድረኩ አስተናባሪ

ውይይቱ ጠቃሚ ስለሆነ ክሩን ክፍት አድርገነዋል። ሁለት ነገር እናሳስባለን። የጸጥታ አካላትን፣ የአምቡላንስን ወይም የማንኛውንም ድርጅት የሬዲዮ ሞገድ ቁጥር እዚህ የሚጽፍ ሰው ጽሑፉ ይነሣል። የፈቃድ ሂደትን በሚመለከት የመጨረሻ ቃል ያለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

አባ ሞገድ (ኮምቦልቻ)

ወረኢሉ የተናገረውን ሁላችሁም ሁለት ጊዜ አንብቡት።

ሕጉን በአጭሩ ልበል። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው የሬዲዮ ሞገድ ፈቃድ የሚሰጠው። አማተር ማለት የተፈተነ፣ ሕጉንና መሣሪያውን የሚያውቅ፣ የራሱ የጥሪ ምልክት ያለው ሰው ነው። የኢትዮጵያ የጥሪ ምልክት በ«ኢቲ» ይጀምራል። አዲስ አበባ አምስት ኪሎ፣ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ግቢ ያለው የአማተሮች ማኅበር ጣቢያ «ኢቲ3ኤኤ» ተብሎ በመላው ዓለም ይታወቃል፤ መማር የሚፈልግ ወጣት በዚያ በኩል ይጠይቅ። አማተርነት ለንግድ አይሆንም፤ የኩባንያ ሥራም አይሠራበትም። ድርጅት ከሆናችሁ የራሳችሁን ሞገድ በፈቃድ መጠየቅ ሌላ መንገድ ነው።

አሁን በገበያ ላይ ያሉትን ርካሽ የእጅ ሬዲዮዎች፣ እነ ባኦፌንግን፣ በሚመለከት አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከ136 እስከ 174 እና ከ400 እስከ 520 ሜጋኸርዝ ድረስ ይከፍታሉ። በዚያ መካከል የፖሊስም፣ የአምቡላንስም፣ የሌላም ሞገድ አለ። ቁልፉን በስሕተት የተጫነ ልጅ የሰው ነፍስ የሚያድን ንግግር ሊረብሽ ይችላል። ፈቃድ የሚጠየቀው ለዚህ ነው፤ ለጠባቂው ደስታ አይደለም።

ነርሷ (ኩታበር)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። ስለ ምስጢር የተባለውን ሳነብ ወደ ሥራዬ ሄደ ሐሳቤ።

ቧንቧ ውኃ፣ በዚያ ሌሊት ያስፈለጋችሁ ምን ነበር? መኪና። «ሰኞ ገበያ አጠገብ ምጥ የያዛት እናት አለች፣ መኪና ይላክ» ቢባል ይበቃል። የሴትየዋ ስም፣ የደም ዓይነቷ፣ በሽታዋ፣ ባሏ ቤት ይኑር አይኑር ለማንም አያስፈልግም። በአየር ላይ የምንናገረውን ካሳነስነው፣ ይሰማ አይሰማ የሚለው ጭንቀት ብዙውን ይቀላል። እኛ በሽተኛ ስናስተላልፍ ዕድሜ፣ የደረሰባት ነገር፣ ያለችበት ቦታ እንላለን፤ ስም በወረቀት ይሄዳል።

በአየር ላይ ፈጽሞ የማይነገር ነገር ደግሞ አለ። ቤቱ ባዶ መሆኑ፣ ገንዘብ ያለበት ቦታ፣ ሴቶችና ሕፃናት ብቻቸውን የሚያልፉበት መንገድ። ይህንን ከስንት መከራ ተምረነዋል።

ቧንቧ ውኃ (ደሴ)

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባ ሞገድ፣ እርስዎንም እንዲሁ። እውነቱን ለመናገር ሦስት ሬዲዮ ለሦስት ቤት ብዬ ነበር ያሰብኩት። አሁን ሳስበው፣ በዚያ ሌሊት ሬዲዮው ቢኖረን እንኳ እኔ ደሴ ሆኜ ለወንድሜ ምን አደርግለት ነበር? መኪና ያለው ጎረቤቱ ነው። መስማት የነበረበት እሱ ነው። ታዲያ ሬዲዮው የቤተሰብ ሳይሆን የሰፈር ቢሆንስ?

አባ ሞገድ (ኮምቦልቻ)

ልጄ፣ ስጠብቀው የነበረውን ጥያቄ አመጣሽው።

ቅሬን አስቢ። መዝገብ አለው፣ ዳኛ አለው፣ የእያንዳንዱን ቤት በር ያውቃል፣ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀብርበታል። ድንኳኑንና ድስቱን በጋራ እንደገዛ ሬዲዮውንም በጋራ ይግዛ። ማመልከቻው በቅሬው ስም፣ ቀበሌው እያወቀው፣ ሁለት ወይም ሦስት ወጣቶች ተፈትነው ፈቃድ አውጥተው። ያኔ ኬላ ላይ «ከማን ጋር ነው የምትነጋገረው» ሲባል መልስ አለ፤ ወረቀትም አለ። ተደብቆ ከመናገር ይልቅ ሁሉም አውቆት መናገር በእኛ አገር ይበልጥ ይጠብቃል። እኔ በሥራ ዘመኔ ያየሁት ይህንን ነው።

በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬንና ማጀቴን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ዋናውን መንገድ ሰንጥቆት ነበር። የደሴም ተዳፋት በክረምት እንደሚንሸራተት ታውቃላችሁ። መንገድና መብራት አብረው ሲሄዱ መጀመሪያ የሚደርሰው ጎረቤት ነው።

ሩቅ አገርም የታየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 ሱናሚ የአንዳማን ደሴቶችን ሲመታ የሕንድ አማተሮች ለሌላ ጉዳይ ሬዲዮ ተክለው እዚያው ነበሩ። ስልኩ ሁሉ ሲቆረጥ የሕዝቡን መልእክት ወደ ዋናው አገር ያደረሱት እነሱ ነበሩ። የረዳቸው ቀድሞ ፈቃድ ማውጣታቸውና መሣሪያው ተተክሎ መገኘቱ ነው። በአደጋው ቀን የተጀመረ ነገር አይደርስም።

የጦሳ ጥላ (ደሴ)

ቅሬ መሆኑ ለመሣሪያውም ይበጃል። የጥቂቱን ልጻፍ።

ባትሪ፦ 1800 ሚሊአምፒር-ሰዓት የሆነ የተለመደ ባትሪ በ5 ዋት ሳያቋርጡ ቢያወሩበት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልቅም። እያዳመጠ ቢቀመጥ ግን ቀኑን ሙሉ ይቆያል። ስለዚህ አጭር ተናገሩ፤ ቅርብ ከሆነ ኃይሉን ወደ 1 ዋት ዝቅ አድርጉት።

አንቴና፦ ከሬዲዮው ጋር የሚመጣው አጭር የጎማ አንቴና ደካማ ነው። ለ145 ሜጋኸርዝ የሚስማማው ሩብ ሞገድ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ያንን የሚያክል ቀጭን የመዳብ ሽቦ ከአንቴናው መሠረት፣ ከውጭኛው ብረት ጋር አገናኝቶ ወደ ታች ማንጠልጠል ብቻውን ልዩነቱን ያሳያል። ኃይልን ከ1 ዋት ወደ 4 ዋት ማሳደግ ብዙ መስሎ ይታያል፤ ሁለት ፎቅ ወጥቶ መናገር ግን ብዙ ጊዜ ይበልጠዋል።

ከወልድያ ወይም ከአዲስ አበባ ጋር እንገናኝ ከተባለ የእጅ ሬዲዮ ቦታው አይደለም። ለዚያ ቀን በ7፣ ማታ በ3.5 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚሠራ አጭር ሞገድ ነው የሚሆነው። ለ7 ሜጋኸርዝ 20 ሜትር የሚሆን ሽቦ ከመሬት ብዙ ሳይርቅ ተዘርግቶ ሞገዱን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ይልካል፤ ከሰማይ ተመልሶ በጦሳም በአምባሰልም ማዶ ይወርዳል። ተራራ አያግደውም። አባ ሞገድ የሠሩበት እሱን መሰለኝ።

አባ ሞገድ (ኮምቦልቻ)

አዎ፣ እሱን ነው። ሽቦውን በሁለት ባሕር ዛፍ መካከል እንወጥረው ነበር።

የሰዓት ነገር እንዳይረሳ። ሁልጊዜ ሬዲዮ ከፍቶ መቀመጥ ባትሪ ይጨርሳል። በጠዋቱ 1 ሰዓት፣ በ4፣ በ7፣ በ10፣ ማታም በ1 ሰዓት፣ ለአምስት ደቂቃ ብቻ ሁሉም ይክፈት። የሚናገር ካለ ይናገራል፤ ከሌለ ይዘጋል። ቁልፉን ተጭኖ አንድ ትንፋሽ ቆይቶ መጀመር፣ ጨርሶ «ጨርሻለሁ» ማለት። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ከተናገረ አንዱም አይሰማም።

ነርሷ (ኩታበር)

ሬዲዮው እስኪመጣ ደግሞ አንድ ነገር ዛሬውኑ ማድረግ ይቻላል። ድምፅ አልሄድ ሲል አጭር መልእክት የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። እያንዳንዱ ቤት መኪና ያለውን፣ አዋላጅ የሆነውን፣ ቁልፍ የሚይዘውን ሰው በወረቀት ጽፎ በር ላይ ይለጥፍ። ስልክ ውስጥ ያለ ቁጥር ባትሪው ሲያልቅ አብሮ ይጠፋል።

ቧንቧ ውኃ (ደሴ፣ ከሁለት ወር በኋላ)

ሰላም ለሁላችሁ። የደረስንበትን ልንገራችሁ ብዬ ተመለስኩ።

ጉዳዩን ለቅሬያችን አቀረብኩት። መጀመሪያ ዝምታ ነበር፤ ሬዲዮ የሚለው ቃል ራሱ ሰውን አስፈራው። የወረኢሉን ጽሑፍ፣ ማን እንደጻፈው ሳልል፣ አነበብኩላቸው፤ ከዚያ የአባ ሞገድን። ተራው ለአንድ አዛውንት ሲደርስ «በስውር አይሁን እንጂ ይሁን» አሉ፤ ሌላውም ተስማማ። ማመልከቻው ተጽፏል። ለፈተናው ሁለት ወጣቶች ተመርጠዋል፤ አንዷ የጥሩምባ ነፊያችን ልጅ ናት። የአክስቴ ልጅ ሬዲዮ እንዳይልክ ነግሬዋለሁ፤ ፈቃዱ ከመጣ በኋላ በደረሰኝ እንገዛለን።

እስከዚያው ያለ ሬዲዮ እየተለማመድን ነው። ሁለት ሰው ግድግዳ ለይቷቸው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ወረቀት ላይ ያለውን መልእክት አፉን በጨርቅ ሸፍኖ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው የሰማውን ይጽፋል። ባለፈው ቅዳሜ «ለስልሳ ሰው ውኃ» ብለን የላክነው «ለሠላሳ ሰው» ሆኖ ደረሰ። በእውነተኛ ቀን ቢሆን ሠላሳ ሰው ውኃ ያጣ ነበር። አባ ሞገድ፣ እናንተ ይህንን እንዴት ታደርጉት ነበር?

አባ ሞገድ (ኮምቦልቻ)

ይህ ስሕተት እኔንም አንድ ጊዜ የእህል ጭነት አሳስቶኛል፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሠላሳና ስልሳ፣ ሰባና ሰባት በሬዲዮ አይለዩም። ቁጥርን በቁሙ አትጥሩ፤ አንድ አንድ አሃዝ ነጥላችሁ «ስድስት፣ ዜሮ» በሉ። ተቀባዩ መልሶ ያንብብ፤ ላኪው «ትክክል» ሳይል ማንም ከቦታው አይነሣ። ስምን ደግሞ በፊደል ጥሩት፦ «በ፣ በላይ እንደሚለው፤ ረ፣ ረዳት እንደሚለው»። ሳድስ ፊደል በሬዲዮ ይዋጣልና፣ «ራብዕ»፣ «ሳድስ» እያላችሁ ጨምሩበት። የቄስ ትምህርት ቤት የተማሩ አዛውንቶች ካሏችሁ ይህንን ከእኔ በተሻለ ያሳዩአችኋል።

ቧንቧ ውኃ (ደሴ)

አሉን። ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ እንደገና እንሞክረዋለን። እናቴም ከኩታበር ትመጣለች፤ ከግድግዳው ማዶ ሆና የምትጽፈው እሷ ናት።